ማሸጊያው ይራገፍ፤ ዋጋው ግን አይፍሰስ

ከአንኮበር አምባ ሥር ያለችው ዓልዩ አምባ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሸዋ ነገሥታት ዋነኛ የገበያ በር እንደነበረች ይታወቃል። ከታጁራ ወደብ የሚነሳው ቅፍለት ዕቃውን በግመል ጭኖ የአፋርን በረሃ ያቋርጥና ከገደሉ ሥር ሲደርስ ይቆማል። የቆላው ግመል ያንን ዳገት አይወጣውም። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣም ጓዙ ከግመል ላይ ወርዶ ዳገቱን በሰው ትከሻ ወጥቷል። በእንዲህ ያለ የጭነት ቅያሪ ጊዜ የባለ ዕቃው ሐሳብ አንድ ነው። የግመሉ ኮርቻና መጫኛ ከሥር ቢቀር ግድ የለውም፤ ዕቃው ግን ሳይጎድልና ሳይቀላቀል አምባው ላይ መድረስ አለበት።

ዛሬ በሰሜን ሸዋ ተመሳሳይ የጭነት ቅያሪ በመረጃ ላይ ይካሄዳል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን የቢራ ፋብሪካዎች፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት የንግድ ከተማ ናት። ከዙሪያዋም የብቅል ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስርና በግ ይመጣላታል። በዚህች ከተማ የሚሠራ ነጋዴ በማለዳ ሊያውቃቸው የሚፈልጋቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ የዕለቱ የእህል ዋጋ፣ የባንኮች የውጭ ምንዛሪ ተመን፣ ጨረታ ወጥቶ ከሆነም የማስከበሪያው መጠንና የመዝጊያው ሰዓት። ሁሉም ቢጠቃለሉ ከአሥር መስመር ብዙ አያልፉም። ነገር ግን እነዚህ አሥር መስመሮች የሚቀመጡት በምስል፣ በማስታወቂያ፣ በቀለምና ለዓይን በማይታይ የምልክት ክምር በታጨቀ ድረ ገጽ ውስጥ ነው። ኔትወርኩ በደከመ ቀን ገጹ ሳይከፈት ገበያው ይከፈታል።

በመሆኑም ነጋዴውና ደላላው ገጹን ራሱን ከመክፈት ይልቅ ከገጹ ላይ ተቀድቶ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት የሚደርሳቸውን ተራ ጽሑፍ ማንበብ ይቀናቸዋል። ምርጫቸው ትክክል ነው። አጠያያቂው ጉዳይ ጽሑፉ ከገጹ ላይ እንዴት እንደተቀዳና ማን እንደቀዳው ነው። ለነገሩ ብዙ ትኩረት ያልተሰጠው የኮምፒውተር ባለሙያ ሥራ ብቻ ስለሚመስል ሊሆን ይችላል። ስህተቱ የሚታየው ግን በነጋዴው ኪስ ላይ ነው።

ማሸጊያው ምን ያህል ይመዝናል?

ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ ኤችቲኤምኤል ይባላል። ቲም በርነርስ ሊ የተባሉት እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያወጡት ሲሆን፣ አሠራሩ እያንዳንዱን የጽሑፍ ክፍል በመክፈቻና በመዝጊያ መለያ መሃል ማስቀመጥ ነው። ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ ሠንጠረዥ ነው፣ ይህ ረድፍ ነው እያለ መለያው ለብሮውዘሩ ይነግራል። አንባቢው መለያውን አያየውም፤ የኢንተርኔት ሒሳቡ ግን ያየዋል። በሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ባለ ሦስት አሐዝ ዋጋ ለማስቀመጥ መክፈቻውና መዝጊያው ብቻ ሲቆጠሩ 9 ምልክት ይፈልጋሉ። አንድን ቃል ለማድመቅ የተለመደው መለያ 17 ምልክት ይወስዳል። በዚህ ላይ የቀለሙ፣ የመጠኑና የማስታወቂያው ትእዛዝ ሲጨመር ዋጋው በማሸጊያው ውስጥ ይሰወራል።

ይህን ያስተዋሉት አሜሪካዊው ጆን ግሩበር እ.ኤ.አ. በ2004 ከአሮን ስዋርትዝ ጋር ተመካክረው ማርክዳውን የተባለውን ቀላል አጻጻፍ ለሕዝብ አቀረቡ። በዚህ አጻጻፍ በመስመሩ መጀመሪያ የተቀመጠ የመሰላል ምልክት ርዕስን ያሳያል፤ ቃሉን በሁለት በኩል የያዙት ጥንድ ኮከቦች ድምቀትን ያመለክታሉ፤ ሰረዝ ደግሞ ዝርዝርን ይጀምራል። ለድምቀት ይወጡ የነበሩት 17 ምልክቶች ወደ 4 ይወርዳሉ። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ጽሑፉ ምንም ልዩ ሶፍትዌር ሳያስፈልገው በማንኛውም ስልክ ላይ እንደ ተራ ጽሑፍ ይነበባል፣ ይገለበጣል፣ ይላካል፣ ይፈለጋል።

ድረ ገጹን ወደዚህ ቀላል ጽሑፍ የሚለውጡ ፕሮግራሞችም ገንዘብ አይጠይቁም። ስዋርትዝ ራሳቸው በዚያው ዘመን አንድ መለወጫ ሠርተው ለቀዋል። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር የሆኑት ጆን ማክፋርሌን እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ፓንዶክም ብዙ ዓይነት ሰነዶችን ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለብጣል። በመሣሪያ በኩል እጥረት አለ ለማለት አይቻልም።

በአንድ መልእክት 70 ፊደል

ለአማርኛ አንባቢ ቀላል ጽሑፍ ከሌላው ይበልጥ የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። አንድ አጭር የስልክ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት ያስኬዳል፤ በፊደላችን ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። ረጅም ሆኖ ተከፋፍሎ ሲላክ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል። በድረ ገጽም ቢሆን በዩኒኮድ አቀማመጥ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንዱ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ቦታ የጠበበው ሰው ትርፍ ነገር አይጭንም። ከ70 ፊደል ውስጥ ጥቂቱ እንኳ ለማሸጊያ ቢባክን የሚቀነሰው ከዋጋው ዝርዝር ላይ ነው።

ዋጋን ራቁቱን ማሰራጨት ለአገራችን ገበያ እንግዳ አሠራር አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የግብይት ዋጋን በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ፣ በአጭር መልእክትና በስልክ ድምፅ ማሳወቅን የአሠራሩ አካል አድርጎት ነበር። ገበሬው ዋጋውን የሚሰማው ከገዢው አፍ ብቻ እስከሆነ ድረስ የመደራደር አቅሙ አነስተኛ መሆኑን ማንም የኢኮኖሚክስ ተማሪ ያውቀዋል። መረጃ በረከሰ ቁጥር በገዢና በሻጭ መካከል ያለው የዕውቀት ልዩነት ይጠባል፤ ልዩነቱ በጠበበ ቁጥር ያለ ሥራ የሚገኘው ትርፍ ይቀንሳል።

አሁን ደግሞ መረጃው በዝቷል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ባንኮች የየራሳቸውን ዕለታዊ ተመን በየድረ ገጻቸው ያወጣሉ። በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ለባለ አክሲዮኖች ሌላ ተከታታይ ዋጋ ጨምሯል። ቀድሞ አንድ ቁጥር ይበቃው የነበረ አስመጪ ዛሬ የብዙ ባንኮችን ሠንጠረዥ ማነጻጸር ይኖርበታል። አንድ በአንድ እየከፈተ ቢያነጻጽር ግማሽ ቀኑ ያልፋል። ጥያቄን በአማርኛ ተቀብለው የሚመልሱት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞችም ቢሆኑ ድረ ገጽን የሚያነቡት አብዛኛውን ጊዜ መለያው ተራግፎ ወደ ቀላል ጽሑፍ ከተለወጠላቸው በኋላ ነው። ስለዚህ ነጋዴው በቀጥታ ባያየው እንኳ ቅየራው በመካከል ይካሄዳል።

የሚፈሰው የት ላይ ነው?

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ መለያውን ሁሉ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ የሚያራግፍ ሰው ዕቃውንም አብሮ ያፈሳል። ምክንያቱም ከመለያዎቹ አንዳንዶቹ ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ትርጉም ተሸክመዋል።

ዋናው ምሳሌ ሠንጠረዥ ነው። የምንዛሪ ተመን ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ደረጃ ራስጌ ነው። ከላይ «በጥሬ ገንዘብ» እና «በሒሳብ ዝውውር» የሚሉ ሰፋፊ ሳጥኖች ይኖራሉ፤ ከእያንዳንዳቸው ሥር ደግሞ «መግዣ» እና «መሸጫ» ይቀመጣሉ። ለአንድ ዶላር አራት ቁጥር አለ ማለት ነው። የግሩበር ማርክዳውን ሲወጣ ሠንጠረዥ የሚባል ነገር አልነበረውም። ሠንጠረዥን በቋሚ ጭረት እየከፈሉ መጻፍ የመጣው ኋላ በተጨመሩት ቅጥያዎች ሲሆን፣ ከእነርሱም አብዛኞቹ ሁለት ዓምድን የሚያቅፍ ሰፊ ሳጥን አያውቁም። በመሆኑም መለወጫው የላይኛውን ራስጌ ይጥለዋል ወይም ወደ አንድ ዓምድ ይገፋዋል። ውጤቱ ባለቤታቸው ያልታወቀ አራት ቁጥሮች በተርታ ተሰልፈው መታየታቸው ነው።

እንበልና አንድ አስመጪ የመግዣውን ቁጥር መሸጫ መስሎት ዕቃውን ቢተምን፣ በዶላር የ2 ብር ልዩነት እንኳ ቢኖር በ10,000 ዶላር ግዢ ላይ 20,000 ብር ይሳሳታል። ገጹ ስህተት የለበትም። ቁጥሩም አልተለወጠም። የጠፋው ቁጥሩን ከስሙ ጋር ያሰረው ገመድ ነው።

ሁለተኛው የጨረታ ማስታወቂያ ነው። በአገራችን ልማድ የጨረታ ግዴታዎች በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይዘረዘራሉ፤ ኋላም «በፊደል ተራ ሐ የተጠቀሰውን ሰነድ ያላቀረበ ከውድድር ውጭ ይሆናል» ይባላል። ነገር ግን ማርክዳውን እንደ ዝርዝር ተራ የሚያውቀው 1፣ 2፣ 3ን እንጂ የእኛን ፊደል አይደለም። በዝርዝር መለያ ሳይታገዝ በመስመር በመስመር የተጻፈ ሀ፣ ለ፣ ሐ በማርክዳውን አንባቢ ፕሮግራም ሲከፈት ሁሉም ወደ አንድ አንቀጽ ሊጨፈለቅ ይችላል። በሌላ በኩል ፊደሉን ጸሐፊው ሳይጽፈው ብሮውዘሩ በትእዛዝ የሚያወጣው ከሆነ፣ መለያው ሲራገፍ ፊደሉም አብሮ ይጠፋና በቁጥር ይተካል። ያን ጊዜ «ፊደል ተራ ሐ» የተባለው የትኛው እንደሆነ ተጫራቹ መገመት ሊኖርበት ነው። ሲፒኦ አሠርቶ በግምት የሚወዳደር ነጋዴ ደግሞ የለም።

ሦስተኛው ትንሽ መስሎ ብዙ የሚያናድድ ነው። በስልክ ክፍያ የሚከፍል ሁሉ የኮከብና የመሰላል ኮዶችን ያውቃል። አንድ ገጽ ላይ ለምሳሌ ያህል «*111*1#» የሚል ኮድ ተጽፎ ቢገኝና ሳይጠነቀቁ ወደ ማርክዳውን ቢያስተላልፉት፣ አንባቢው ፕሮግራም ሁለቱን ኮከቦች የማዝመሚያ ምልክት አድርጎ ይወስዳቸዋል። ኮከቦቹ ይጠፋሉ፤ የሚቀረው «1111#» ነው። ጠንቃቃ መለወጫ ከኮከቡ ፊት ወደ ኋላ ያዘነበለ ጭረት ጨምሮ «\*111\*1#» በማለት ይጠብቀዋል። ይህም ቢሆን ጽሑፉን እንዳለ በስልኩ ላይ ለሚያነበው ሰው ሌላ ግራ መጋባት ነው፤ ጭረቱን አብሮ ይደውል ወይስ ይተወው?

የቀንና የሰዓትን ነገርም መርሳት አይገባም። ገጹን የሚያወጣው ኮምፒውተር ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ሲያትም ጽሑፉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይናገራል። «4፡00 ሰዓት» የተባለው የጨረታ መዝጊያ በአገሬው አቆጠጠር ረፋድ ሲሆን በፈረንጁ ግን ከሰዓት በኋላ ነው። በገጹ ላይ ቀኑ ከሳጥኑ፣ ከርዕሱና ከቦታው ይታወቅ ይሆናል። ተራ ጽሑፍ ሲሆን ግን ያልተጻፈ ነገር ሁሉ የለም።

ፊደሉም የፈሰሰበት ጊዜ ነበር

ይህ ዓይነቱ ችግር በኢትዮጵያ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአማርኛ የኮምፒውተር ጽሑፍ በየሶፍትዌሩ የተለያየ ነበር። ቁጥራቸው ከ200 በላይ የሆነውን ፊደሎቻችንን እያንዳንዱ አምራች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በየራሱ ድልድል አስቀመጣቸው። ድረ ገጽ ላይ ሲወጡም አማርኛ መሆናቸውን የሚናገረው የፎንቱን ስም የያዘው መለያ ብቻ ነበር። ያ መለያ ሲራገፍ፣ ወይም ፎንቱ በአንባቢው ኮምፒውተር ላይ ሳይኖር ሲቀር፣ አማርኛው ትርጉም ወደሌለው የላቲን ምልክት ዝብርቅርቅ ይለወጥ ነበር። ከዚያ ዘመን የቀሩ ሰነዶችን ዛሬም ገልብጦ ለመለጠፍ የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል።

በዚያን ጊዜ መፍትሔ ከፈለጉት መካከል ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ይገኙበታል። ሴራ በሚል አህጽሮት የሚታወቀው አሠራራቸው ፊደላችንን በተራ የላቲን ምልክቶች በሥርዓት መጻፍና መልሶ ወደ ፊደል መለወጥ የሚያስችል ነበር። በዚያን ዘመን የኢሜይል መስመሮች ከተራ የላቲን ምልክት በቀር ሌላ በአስተማማኝ ሁኔታ ስለማያሳልፉ ለውጭ አገር ነዋሪዎች ትልቅ እፎይታ ሆኗል። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቋሚ ቦታ አገኘ። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ «ሀ» መለያ ኖረም አልኖረም «ሀ» ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ትርጉም የያዘው ነገር በጽሑፉ ውስጥ ራሱ ካልተጻፈና በማሸጊያው ላይ ከተንጠለጠለ፣ ማሸጊያው ሲወልቅ አብሮ ይሄዳል። ፊደሉ ከዚህ አደጋ ከዳነ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። የዋጋ ሠንጠረዡ፣ የጨረታው ተራ ፊደልና ቀኑ ግን አልዳኑም።

ማን ይሥራው?

በአሁኑ አሠራር ቅየራው የሚሠራው ከታች ነው። የቴሌግራም ቻናል ያለው ልጅ፣ የደላላው ጸሐፊ ወይም ማንነቱ የማይታወቅ ፕሮግራም ከገጹ ላይ ይቀዳል። አንዱ የቀዳውን ሌላው ይቀዳዋል፤ ሦስተኛው ቀኑን ቆርጦ ይለጥፈዋል። በእያንዳንዱ ቅብብል ጥቂት ይፈሳል። ሲሳሳት ተጠያቂ የለም፤ ዋጋውን ያወጣው መሥሪያ ቤት «በገጻችን ላይ ያለው ትክክል ነው» ይላል፣ እውነቱንም ነው። በመሆኑም ሥራው መሠራት ያለበት ከላይ፣ መረጃውን በሚያወጣው አካል ነው። ባንኩ ተመኑን፣ መሥሪያ ቤቱ ጨረታውን፣ የንግድ ቢሮው የእህል ዋጋውን በድረ ገጹ ሲያወጣ አጠገቡ ቀላል ጽሑፉንም አብሮ ማውጣት ይችላል። በየትኛው ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ በእርግጠኝነት የሚያውቀው እርሱ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። ተራ ጽሑፍ ማንም ሊያስተካክለው ስለሚችል ለማጭበርበር ይመቻል ይባላል። ሥጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም። ሆኖም የገጽ ምስልም ቢሆን በስልክ ላይ በደቂቃ ውስጥ እንደሚለወጥ ሁሉም ያውቃል። ለሐሰተኛ ወረቀት መድኃኒቱ ዋናው መዝገብ በግልጽ ቦታ መገኘቱ ነው። ቀላሉ ጽሑፍ የወጣበትን ገጽ አድራሻ፣ ቀንና ሰዓት ይዞ ከወጣ የተጠራጠረ ሰው ሄዶ ያመሳክራል። ለክርክር የሚቀርበው እንደ ቀድሞው ፊርማና ማኅተም ያለበት ሰነድ ነው።

ደላሎችም ቢሆኑ እንጀራችን ተነካ ብለው የሚሠጉበት ምክንያት ያለ አይመስልም። ቁጥር በመገልበጥ የሚኖር ደላላ ካለ ሥራው በእርግጥ ያከትማል። ገዢና ሻጭን የሚያገናኝ፣ የእህሉን ጥራት የሚለይ፣ መኪናና መጋዘን የሚያፈላልግ ደላላ ግን ትክክለኛ ዋጋ በእጁ ሲገባ ሥራው ይቀለዋል። በተሳሳተ ቁጥር ደንበኛውን ያሳሳተ ደላላ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደንበኛው እንደማይመለስ ያውቃል።

የሚፈለገው ጥንቃቄም ጥቂት ነው። አንደኛ፣ ሠንጠረዥ ወደ ተራ ጽሑፍ ሲለወጥ እያንዳንዱ ቁጥር ስሙን ይዞ ይቀመጥ፤ «ዶላር፣ በጥሬ ገንዘብ፣ መሸጫ» ተብሎ በአንድ መስመር ይጻፍ። መስመሩ ቢረዝምም ከላይ ያለ ራስጌ ስለማያስፈልገው ተቆርጦ ቢላክ እንኳ ትርጉሙ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ መስፈሪያው አብሮ ይጻፍ፤ ኩንታል ይሁን ኪሎ፣ ቀረጥ ይጨምር አይጨምር ይታወቅ። ሦስተኛ፣ ቀኑ ከነአቆጣጠሩ፣ ሰዓቱም ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ተብሎ ይጻፍ። አራተኛ፣ የጨረታ ተራ ፊደላት በጸሐፊው እጅ ይጻፉ እንጂ ለብሮውዘር አይተዉ። አምስተኛ፣ የስልክ ኮዶች ከመውጣታቸው በፊት በዓይን ይታዩ።

እነዚህ አምስቱ ትልቅ በጀት አይጠይቁም። መለወጫው ፕሮግራም ነጻ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀ አንድ ወጣት ሊያስተካክለው ይችላል። የሚያስፈልገው ዋጋ አውጪው መሥሪያ ቤት ገጹን ካስጌጠ በኋላ ሥራዬ አልቋል እንዳይል ነው። የእርሱ ሥራ የሚያልቀው ቁጥሩ በደብረ ብርሃን የእህል ተራ ወይም በአንኮበር ገበያ በቆመ ነጋዴ ስልክ ላይ ስሙን፣ መስፈሪያውንና ቀኑን ይዞ ሲነበብ ነው። እስከዚያው ድረስ ነጋዴው ስም የሌለው ቁጥር ሲደርሰው ሒሳብ ከመሥራቱ በፊት ወደ ዋናው ገጽ ተመልሶ ማመሳከሩ ይበጀዋል።